ከውጭ በውኃ፣ ከውስጥ በራሱ፦ የሴቶች የዕለት ተዕለት የብልት ንጽህና

ጅማ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሁሌ የሚደጋገም ነገር አለ። አንዲት ሴት ትገባለች። መጀመሪያ ሶፍት ትጠይቃለች። ቀጥላ የራስ ምታት መድኃኒት። ከዚያ ሳትወጣ ትቆማለች። ከኋላዋ ያለው ሰው ገዝቶ እስኪሄድ ትጠብቅና ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ ለጓደኛዬ ነው… ያሳክካታል… ሽታም አለው… የሚታጠቡበት ነገር አላችሁ?» ትለኛለች።

እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጓደኛሽ እስካሁን በምን ስትታጠብ ነበር?» እላታለሁ። መልሱ ረጅም ነው። ሽቶ ያለው ሳሙና። ዴቶል ጠብ የተደረገበት ውኃ። ሎሚ። ጨው። ነጭ ሽንኩርት ያለችኝም አለች። እነዚህ ሴቶች ንጽህና የጎደላቸው አይደሉም። ከሚገባው በላይ የሚታጠቡ ናቸው። ሲያሳክካቸው ይታጠባሉ። ሲታጠቡ ይብስባቸዋል። ሲብስባቸው ደግመው ይታጠባሉ።

ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለሴት ልጆቻቸው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

የቱ ይታጠባል፣ የቱ አይነካም

ብዙዎቻችን ከወገብ በታች ያለውን ሁሉ «ማህፀኔን» ብለን እንጠራዋለን። «ማህፀኔን አሳከከኝ» እንላለን። ለመታጠብ ግን ቦታውን መለየት ያስፈልጋል። በርሽን ዝጊና ትንሽ መስታወት ይዘሽ ቁጢጥ ብለሽ እዪው። የራስሽ አካል ነው፣ ነውር የለውም።

ከውጭ የምታዪው ፀጉሩን፣ ትልልቆቹንና ትንንሾቹን ከንፈሮች፣ በመካከላቸው የሽንት ቀዳዳውን፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን በር ነው። ከኋላ ፊንጢጣ አለ። እስከ በሩ ያለው ሁሉ የውጭ ክፍል ነው። ያልበዋል፣ ሽንት ይነካዋል፣ ስለዚህ ውኃ ይፈልጋል። ከበሩ ወደ ውስጥ እስከ ማህፀን ጫፍ ያለው መተላለፊያ ግን ሌላ ነው። እሱ ራሱን በራሱ ያጥባል። ፓንትሽ ላይ የምታዪው ነጣ ያለ ፈሳሽ ያ እጥበት ነው።

ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ወተትን እርጎ የሚያደርጉት የእነሱ ዘመዶች ናቸው። ቦታውን ኮምጣጣ ያደርጉታል። የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበዛል። የወር አበባ በምታይ ጤነኛ ሴት ፒኤቹ ከ3.8 እስከ 4.5 አካባቢ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ደግሞ ወደ 9 እና 10 ይጠጋል፤ ፍጹም ተቃራኒው ነው። ኮምጣጣነቱ በሽታ አምጪዎችን ያርቃል። ሳሙና ወይም ሌላ ማጠቢያ ወደ ውስጥ ሲገባ ጠባቂዎቹ ይመናመናሉ፣ ቦታውን ሌሎች ይይዙታል። ሽታው ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። እርጎ ስላልኩ ግን እርጎ ይግባበት ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ያደረገች ደንበኛ ስላለችኝ ነው የምናገረው።

የጠዋቱ እጥበት

አንድ ጆግ ለብ ያለ ንጹህ ውኃ ይበቃል። ስለዚህ ውኃ በጠፋበት ሳምንትም ከጀሪካን ቀድቶ ማድረግ ይቻላል። በቀን አንድ ጊዜ በቂ ነው። በወር አበባ ጊዜ ወይም ላብ በበዛበት ቀን ሁለት ጊዜ ይሁን።

1. መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ይህን ብዙ ሰው ይዘላል። በርበሬ የነካ፣ ሽንኩርት የከተፈ እጅ ከሆነማ ሁለት ጊዜ ታጠቢው። ጥፍርሽም አጠር ቢል ጥሩ ነው።

2. ቁጢጥ በይና ውኃውን ከፊት ወደ ኋላ አፍስሺ። ሳፋ ውስጥ ተቀምጠሽ አትታጠቢ። ከኋላ የታጠበው ውኃ ወደ ፊት ይመለሳልና።

3. ከንፈሮቹን ገለጥ አድርገሽ እጥፋቶቹን በጣትሽ ጫፍ በቀስታ እሺያቸው። እዚያ ነጭ ነገር ይጠራቀማል። ውኃ ብቻውን ያስለቅቀዋል። በሻሽ ወይም በሻካራ ጨርቅ አትፈትጊው።

4. ሳሙና ካላደረግሽ የታጠብሽ የማይመስልሽ ከሆነ፣ ሽቶ የሌለው ይሁን፤ ፀጉሩ ባለበትና በጭኖችሽ መካከል ብቻ። ከውስጥ ከንፈሮቹ አይለፍ። ዴቶል፣ ላርጎ፣ ኦሞ ለዚህ ቦታ አልተሠሩም።

5. ጣትሽን ወደ ውስጥ አታስገቢ። ውኃም በግፊት አትርጪ።

6. ፊንጢጣሽን መጨረሻ ላይ እጠቢ። እዚያ የደረሰ እጅ ወደ ፊት አይመለስም። የሰገራ ባክቴሪያ ወደ ሽንት ቀዳዳው የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሽንት ሲያቃጥልሽ፣ ቶሎ ቶሎ ሲልሽ፣ ብዙውን ጊዜ መነሻው እሱ ነው።

7. በንጹህ ፎጣ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂው፤ አትሺው። ፎጣው የራስሽ ይሁን። እህትሽም ባልሽም አይጠቀሙበት።

ሽንት ቤት ስትጠቀሚም ሕጉ ይኸው ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ። ጅማ ውስጥ ብዙዎቻችን፣ በተለይ ሙስሊም እህቶቼ፣ በውኃ ነው የምንጠራራው። ግሩም ልማድ ነው፤ ከደረቅ ወረቀት ብቻ ይሻላል። የሚጎድለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፊቱን ቀድሞ ኋላውን ቀጥሎ መታጠብ። ሁለተኛ፣ ማድረቅ። ብዙዎቻችን እርጥብ እንደሆንን ፓንት እንጎትታለን። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ቦታው ሙሉ ቀን እርጥብ ነው። ቦርሳሽ ውስጥ ትንሽ የጥጥ ጨርቅ ወይም ሽታ የሌለው ሶፍት ያዢ። ሽቶ ያላቸውን ዌት ዋይፕሶች ተያቸው። ከወር አበባ በኋላ ለሚደረገው ትጥበትም፣ ጤናን በተመለከተ የምለው አንድ ነው፦ ውጩን በደንብ፣ ውስጡን ተይው።

ፓንት የማይደርቅበት ከተማ

አሁን የጅማ ሴት ሁሉ የምታውቀው ችግር ጋ ደረስን። ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ሌላው አገር ሰኔን ሲጠብቅ እኛ ከመጋቢት ጀምሮ ልብስ ስንሰበስብና ስናሰጣ ነው የምንውለው። ሐምሌ ላይ የታጠበ ጂንስ ሦስት ቀን ይፈጃል። ፓንትም እርጥብ እንደሆነ ይለበሳል፤ «ሰውነቴ ያደርቀዋል» ይባላል። እርጥበትና ሙቀት ፈንገስ የሚወዳቸው ነገሮች ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለ። ግቢው የጋራ ነው። አከራይ አለ፣ ተከራይ ተማሪ ወንዶች አሉ። ስለዚህ ፓንት ፀሐይ ላይ አይወጣም። ከበር ኋላ፣ ከፎጣ ሥር፣ አንዳንዴም ከፍራሽ ሥር ይደበቃል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፓንቶቿን ሻንጣ ውስጥ እንደምታደርቅ ነግራኛለች። ሻንጣ ውስጥ የሚደርቅ ነገር የለም። ይሻግታል።

እንዲህ አድርጊ። የጥጥ ፓንት ግዢ፤ ቢያንስ መቀመጫው ጥጥ የሆነ። ለክረምት ሰባት ስምንት ቢኖርሽ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ይደርሳል። በየቀኑ ቀይሪ። በተራ የልብስ ሳሙና በእጅሽ እጠቢው። ከዚያ አረፋው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ሦስት ጊዜ አለቅልቂ። የቀረ ኦሞ ከላብ ጋር ሲገናኝ ያሳክካል፤ በረኪና ደግሞ የባሰ ነው።

ስታሰጪው ገልብጠሽ፣ መቀመጫው ወደ ፀሐይ ይሁን። ካፈርሽ ስስ ነጠላ ወይም ሻሽ ከላይ ጣል አድርጊበት። ፀሐይና ነፋስ በስስ ጨርቅ ያልፋሉ። ፀሐይ በሌለ ቀን በደንብ ጨምቀሽ፣ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ርገጪው። ፎጣው ውኃውን ይመጥጣል። ከዚያ መስኮት አጠገብ ሰቅለሽ፣ ከመልበስሽ በፊት መቀመጫውን በካውያ ተኩሺው። ካውያው ያደርቃል፣ ጀርምም ይቀንሳል። ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ ማድረቅም ያስኬዳል፤ እጣኑ እስካልተጨመረ። ልብስ ይድረቅ ብለሽ ግን የተያያዘ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አታሳድሪ። የከሰል ጭስ ይገድላል።

ማታ ያለ ፓንት ወይም በሰፊ ቢጃማ መተኛት ለቦታው እረፍት ነው። ታይትና ጠባብ ጂንስም ቀኑን ሙሉ ባይሆኑ ጥሩ ነው። ዝናብ መቶሽ ቤት ስትገቢ ሹራብሽን ብቻ አትቀይሪ። ፓንትሽንም ቀይሪ።

የወር አበባ ሲመጣ

ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይቀየራል። ደሙ ትንሽ ቢሆንም። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ «ገና አልሞላም» ብለው ቀኑን በአንድ የሚገፉ ልጆች አሉ። የቆየ ደም ይሸታል፣ ቆዳውንም ያቃጥላል። ማታ ስትተኚ ለ8 ሰዓት ያህል ቢቆይ ችግር የለውም። ሽቶ ያለው ሞዴስ አትግዢ።

አቅም ከሌለሽ የጥጥ ጨርቅ ፍጹም ጥሩ ነው፤ አያያዙ ነው ወሳኙ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፊው። ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል፣ አይለቅም። ውኃው ቀይ መሆኑን ሲተው በሳሙና እሺው፣ አለቅልቂው፣ ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ተኩሺው። ደረቅ ካልሆነ አታድርጊው። ከወር ወር በንጹህ ከረጢት አስቀምጪው።

ሞዴስ ከመቀየርሽ በፊትም በኋላም እጅሽን ታጠቢ። ያገለገለውን በወረቀት ጠቅልለሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው። አዌቱ ወንዝ ውስጥ አይጣል። ያን ወንዝ በየቀኑ የምንሻገር ሰዎች ነን።

ፀጉር፣ ግንኙነት፣ ከዚያም የማይደረጉ ነገሮች

ፀጉሩ ቆሻሻ አይደለም። ማንሳት ግዴታሽ አይደለም። ሃይማኖትሽ ወይም ምርጫሽ ከሆነ ግን በመቀስ ማሳጠር ከሁሉም የተሻለ ነው። ምላጭ ካልሽ አዲስና የራስሽ ይሁን። ቆዳውን በለብ ያለ ውኃ አርጥበሽ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ላጪ። የሌላ ሰው ምላጭ በደም የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል።

ከግንኙነት በኋላ ተነሥተሽ ሽንትሽን ሽኚ። ይህ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ለመከላከል ሊረዳ ይችላል። ውጩን በውኃ ተለቅለቂ፤ በቃ። ውስጥን መታጠብ እርግዝናንም በሽታንም አይከለክልም። ኮንዶም ይከለክላል።

ስለ ሎሚና ኮምጣጤ ደጋግሜ እጠየቃለሁ። «ኮምጣጣ ይሁን አልሽ አይደል?» ይሉኛል። ኮምጣጣነቱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ በልካቸው። ሎሚ ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ይልጣል። በቲክቶክና በቴሌግራም «ያጠብቃል» እየተባለ የሚሸጠው ቅባትና ዱቄት የሚያደርገው ማድረቅ ነው። የደረቀ ቦታ በግንኙነት ጊዜ ይሰነጠቃል፤ በተሰነጠቀው ደግሞ ኤች አይ ቪም ሆነ ሌላ በሽታ በቀላሉ ይገባል። ስለዚህ እነዚህን ስትጠይቂኝ የለኝም እልሻለሁ። ቢኖረኝም አልሸጥልሽም።

ወይባና ጭስም እንዲሁ። ገላሽን ለመሞቅ ብትወጂው ያንቺ ምርጫ ነው። ግን እሳቱ ላይ ተቀምጠሽ ጭሱን በቀጥታ ወደ ብልትሽ አታድርጊ፤ ያቃጥላል፣ ያደርቃል። በተለይ በወለድሽ ሰሞን፣ ስፌት ካለሽ ደግሞ ፈጽሞ። አራስ ሴት የሚያስፈልጋት ለብ ያለ ንጹህ ውኃ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ሞዴስና ደረቅ ልብስ ነው። ከወሊድ በኋላ እስከ 6 ሳምንት ደምና ፈሳሽ ሊኖር ይችላል። ክፉ ሽታና ትኩሳት ከመጣ ግን አራስ ናት ብሎ ቤት ማስቀመጥ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

ፈሳሽሽን እወቂው

በየቀኑ ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ፈሳሽ ጤና ነው። ነጭ ወይም ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ፓንት ላይ ሲደርቅ ቢጫ ቢመስል አትደንግጪ። በሁለት የወር አበባ መካከል፣ የሴቷ እንቁላል ስትወጣ፣ እንደ ዶሮ እንቁላል ነጭ ይለጠጣል። በእርግዝና ይጨምራል። መጠነኛ ሽታ አለው፤ የሰው ሽታ ነው። ሽቶ እንዲሸት አልተፈጠረም።

ለውጥ ስታዪ ግን ልብ በይ። ወፍራም፣ እንደ አይብ የተቆራረጠና ብዙ የሚያሳክክ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያጋጥማቸዋል። አንቲባዮቲክ ከወሰድሽ በኋላ፣ በእርግዝና ወይም ስኳር ካለብሽ ይመጣል። እየተመላለሰ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ስኳርሽን ተለኪ። ቀጭን፣ ግራጫ፣ የዓሣ ሽታ ያለው፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የሚብሰው ደግሞ የባክቴሪያዎቹ ሚዛን ሲዛባ የሚመጣ ነው። ውስጥን የሚታጠቡ ሴቶች ላይ የሚበዛው ይሄ ነው። ቢጫ አረንጓዴ፣ አረፋ ያለው ከሆነ በግንኙነት የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል። ያኔ ባልሽ ወይም ጓደኛሽም አብሮሽ ካልታከመ ተመልሶ ይይዝሻል።

ሦስቱም በአንድ መድኃኒት አይታከሙም። ምልክታቸው ደግሞ ይቀላቀላል። የፈንገሱ ክሬም ለባክቴሪያው ምንም አይሠራም። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አትውሰጂ። ሐኪም ያዘዘልሽን ደግሞ ሽታው ስለጠፋ ብቻ ከመሀል አታቁሚው።

ሳትውዪ ሳታድሪ የምትሄጂባቸው አሉ፦ ነፍሰ ጡር ሆነሽ ፈሳሽሽ ሲለወጥ፣ ትኩሳት ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ሲኖር፣ ቁስል ስታዪ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጭ ስትደሚ፣ እናትሽ የወር አበባዋ ከቆመ ዓመት አልፎ ደም ስታይ። ከወሊድ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈሳት ሴት ካለችም ችግሩ የንጽህና አይደለም። ፌስቱላ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምና አለው። በኛ በኩል መቱ ላይ የሐምሊን የፌስቱላ ሕክምና ማዕከል አለ። ደብቃ አትኑር።

ጤና ጣቢያ ስትሄጂ

ለመመርመር ስትሄጂ ውስጥሽን አትታጠቢ፣ የሚገባ መድኃኒትም አታድርጊ። ሐኪሙ ማየት ያለበት ፈሳሹን እንዳለ ነው። ሴት ባለሙያ እንድታይሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል፤ መጠየቁ ግን ነውር የለውም።

ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ በዚያው የማህፀን በር (የማህፀን ጫፍ) ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጠይቂ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት ከዚያ ቀደም ብላ ትጀምራለች። በአገራችን ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው ይሄ ነው፤ ቀድሞ ከታየ ግን ይድናል። ከአሠራሮቹ አንዱ የማህፀን ጫፍ ላይ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክቶ ለውጡን በዓይን ማየት ነው። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። በወር አበባሽ ሰሞን አትሂጂ። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤች ፒ ቪ (ይህን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ክትባትም በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ከሞላቸው ተጀምሯል። ትምህርት ቤት ሲመጣ ልጅሽን አታስቀሪያት።

ለማውራት ካፈርሽ፣ ጤና ጣቢያም ሆነ እኛ ፋርማሲ፣ በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ አቀብዪ። አንብበን ወደ ጥግ እንጠራሻለን፣ ሰው ፊት አናወራሽም። እንዲህ ጻፊ፦ ከመቼ ጀምሮ። ቀለሙ ምን ይመስላል። ሽታ አለው ወይስ የለውም። ያሳክካል፣ ያቃጥላል። የመጨረሻው የወር አበባዬ መቼ ነበር። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አይደለሁም። በምን ስታጠብ ነበር። የትኛውን መድኃኒት ወስጃለሁ። «ለጓደኛዬ» ብለሽ ብትጽፊውም እንቀበልሻለን።